አበባን በቅርብ ማንሳት፦ በእጃችን ባለችው ትንሽ ካሜራ

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



የተሰጠኝ ርዕስ አጭር ነው፦ በትንሽ ካሜራ አበባን በቅርብ ማንሳት። ሲሰሙት የመዝናኛ ጉዳይ ይመስላል። ለእኛ ግን የገበያም የክብርም ጉዳይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለምን እንደሚያስፈልገን እናገራለሁ፤ ቀጥሎ አሠራሩን አሳያለሁ፤ በመጨረሻም አንድ ሐሳብ አቀርብላችኋለሁ።

ለምን አበባ? ለምንስ በቅርብ?

ሁላችሁም እንደምታውቁት ማኅበራችን የሃለኮ ቅጠል አድርቆ፣ ፈጭቶና አሽጎ ይሸጣል። በማሸጊያው ላይ ያለውን ፎቶ የመረጠልን አታሚው ነው። ፎቶው ያምራል፤ ችግሩ የእኛ ዛፍ አለመሆኑ ነው። ይህን ያስተዋለችው ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ገዢ ናት። ማሸጊያውን አገላብጣ አየችና «የምትሸጡት የህንዱን ነው ወይስ የአገራችንን?» ስትል ጠየቀች። ተገቢ ጥያቄ ነው። ገንዘቡን የሚከፍል ሰው የሚገዛውን የማወቅ መብት አለው።

ሞሪንጋ ሲባል አንድ ዛፍ ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ 13 ያህል ዓይነት ሞሪንጋ አለ። በዓለም ገበያ በብዛት የሚታወቀው ኦሌይፌራ የሚባለው ነው፤ አገሩም ህንድ ነው። እኛ በጋሞ ሃለኮ፣ በአማርኛ ሺፈራው የምንለው ደግሞ በሳይንስ ስሙ ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ ይባላል፤ አገሩ ደቡብ ኢትዮጵያና ሰሜን ኬንያ ነው። ስቴኖፔታላ ከግሪክኛ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጉሙ «ጠባብ የአበባ ቅጠል ያለው» ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ዛፍ በዓለም የሚጠራበትን ስም ያገኘው ከግንዱም ከቅጠሉም ሳይሆን ከአበባው ነው።

ሁለቱን አበቦች ጎን ለጎን አድርጎ በቅርብ ለተመለከተ ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው። በህንዱ አበባ ላይ አንዱ የአበባ ቅጠል ከሌሎቹ ተለይቶ ይቆማል፤ የቀሩት ወደ ኋላ ይታጠፋሉ። የእኛ ሃለኮ አበባ ግን እንደ ኮከብ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል እኩል ነው። ከሦስት ሜትር ርቀት ያነሣነው ፎቶ ይህን አያሳይም። ከአሥር ሳንቲ ሜትር ያነሣነው ያሳያል።

የዕፅዋት ሊቃውንትም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ዕፅዋትን የመደበው በአበባቸው ውስጥ ያሉትን የወንዴና የሴቴ ክፍሎች እየቆጠረ ነበር። በእኛም አገር በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተ የዕፅዋት ቤተ መዘክር አለ፤ ከመላ አገሪቱ የተሰበሰቡ የደረቁ ዕፅዋት በዚያ ይቀመጣሉ። እነ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው የደከሙበት የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት መጽሐፍ ተከታታይ ቅጾቹ ታትመው ያለቁት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ስድስት ሺህ ያህል ዕፅዋት በዚያ ተመዝግበዋል። የአንዱን ተክል ማንነት ከሌላው ለመለየት መጻሕፍቱ ደጋግመው የሚጠይቁት አበባው ምን ይመስላል ብለው ነው።

እንግዲህ አበባ የተክሉ መታወቂያ ነው ማለት እንችላለን። መታወቂያ ላይ የሚለጠፍ ፎቶ ደግሞ ፊትን በቅርብ የሚያሳይ መሆን አለበት።

ትንሽ ካሜራ ይበቃል ወይ?

ይበቃል። እንዲያውም ለዚህ ሥራ ትንሽነቷ ይጠቅማል። በትልልቆቹ ካሜራዎች አንድን ነገር በጣም ቀርበን ስናነሣ ጥርት ብሎ የሚታየው ክፍል እንደ ወረቀት የቀጠነ ነው፤ የአበባው ጫፍ ሲጠራ ሥሩ ይደበዝዛል። በእኛዋ ካሜራ ውስጥ ምስሉን የምትቀበለው ሰሌዳ ከትንሿ ጣታችን ጥፍር ታንሳለች። በዚህ ምክንያት ሌንሷም አጭር ነው፤ ጥርት የሚለውም ክፍል ሰፋ ይላል። ስለዚህ ደጋፊዎቻችን የሰጡንን ሁለት ካሜራዎች ትንሽ ናቸው ብለን አንናቃቸው። ስልክ ያላችሁም ከዚህ በታች የምነግራችሁ አብዛኛው ነገር በስልካችሁ ይሠራል።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ።

አንደኛ፣ የአበባዋን ምልክት ፈልጉ። በካሜራዋ ጀርባ ካሉት ቁልፎች በአንዱ አጠገብ ትንሽ የአበባ ሥዕል አለች። ጌጥ አይደለችም፤ ማክሮ ይባላል። «በቅርብ ላነሣ ነው፤ ተዘጋጂ» ብሎ ለካሜራዋ መንገር ነው። ይህ ሳይደረግ ብዙዎቹ ትንንሽ ካሜራዎች ከግማሽ ሜትር ወዲህ ያለውን ነገር አጥርተው አያዩም። ምልክቷ ሲበራ ግን እንደ ካሜራው ዓይነት እስከ 10 ወይም እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ድረስ መቅረብ ይቻላል። የየካሜራው ልክ በመመሪያው ወረቀት ላይ ተጽፏል።

ሁለተኛ፣ ዙሙን ተዉት። አበባው እንዲጎላ ብለን ዙም ስናደርግ ካሜራዋ በቅርብ የማየት ችሎታዋን ታጣለች፤ ወደ ኋላ እንድንርቅም ታስገድደናለች። ዙሙ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ የተመለሰ ይሁን፤ የምንቀርበው በእግራችንና በጉልበታችን ነው።

ሦስተኛ፣ የማንሻውን ቁልፍ በሁለት ደረጃ ተጫኑ። መጀመሪያ እስከ ግማሹ ብቻ ተጭናችሁ ያዙ። ካሜራዋ ፎከስ ስታደርግ በመስኮቷ ላይ ያለው ሳጥን አረንጓዴ ይሆናል። ሳጥኑ ቀይ ከሆነ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ ከልክ በላይ ቀርባችኋል ማለት ነው፤ ሁለት ጣት ያህል ራቁና እንደገና ሞክሩ። አረንጓዴ ሲሆን ቁልፉን ሳትለቁ እስከ መጨረሻው ተጫኑ። ብዙ ፎቶ የሚበላሸው ቁልፉ በአንድ ጊዜ ስለሚደፈጠጥ ነው።

አራተኛ፣ ፍላሹን አጥፉ። በአሥር ሳንቲ ሜትር ርቀት ፍላሽ አበባውን ያነጣዋል፤ የሌንሱንም ጥላ ይጥልበታል። የሚሻለው የቀን ብርሃን ነው፤ ከቀን ብርሃንም ለስላሳው። አርባ ምንጭ ላይ ፀሐይዋ እኩለ ቀን ገደማ ምን ያህል እንደምትበረታ ለእናንተ አልነግርም። በዚያ ሰዓት የተነሣ አበባ ግማሹ ይነጣል፤ ግማሹ ይጠቁራል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ጥሩ ነው፤ ነፋሱም ገና አልተነሣም። ሰዓቱ ካለፈ ደግሞ ሁለት ሴቶች ነጠላ ግራና ቀኝ ይዘው በፀሐይዋና በአበባው መካከል ይዘርጉ። ጥላው ወዲያው ይለሰልሳል። ፎቶ አንሺዎች ለዚህ ሥራ ነጭ ጨርቅ በዋጋ ይገዛሉ፤ የእኛ ነጭ ጨርቅ ትከሻችን ላይ ነው። አንድ ነጭ ወረቀት በአበባው ጥላ በኩል ብትይዙ ደግሞ ብርሃኑን መልሶ የጨለመውን ጎን ያበራዋል።

አምስተኛ፣ እጃችሁን አስደግፉ። በቅርብ ሲነሣ ትንሽ መንቀጥቀጥ ትልቅ ድብዘዛ ያመጣል። ተንበርከኩና ክርናችሁን በጉልበታችሁ ላይ አሳርፉ። አበባው ዝቅ ያለ ከሆነ ሽንብራ ወይም በቆሎ በተሞላ ትንሽ ከረጢት ላይ ካሜራዋን አስቀምጡ፤ ከዚያ በሁለት ሰከንድ ራሷ እንድታነሣ አድርጓት፤ ይህም ምርጫ በሁሉም ካሜራ ማለት ይቻላል አለ። ግንዱ ከተወዛወዘ አንዷ እህት ከፎቶው ውጭ በሁለት ጣቷ ትያዘው።

ስድስተኛ፣ የቀለሙን ልክ አስተካክሉ። ካሜራዋ የምታየውን ሁሉ መካከለኛ ብርሃን ልታደርገው ትሞክራለች። ስለዚህ ነጭ የቡና አበባ ፎቶውን ሲሞላው ግራጫ አድርጋ ታወጣዋለች። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ፈልጉና አንድ ደረጃ ወደ መደመር ውሰዱት። በተቃራኒው አበባው ትንሽ ሆኖ ኋላው የጨለመ ቅጠል ከሆነ፣ ወይም እንደ አደይ አበባ ቢጫው የሚያበራ ከሆነ፣ ጥቂት ወደ መቀነስ ውሰዱት። አለበለዚያ ቢጫው አንድ ወጥ ሆኖ መስመሮቹ ይጠፋሉ።

ሰባተኛ፣ ኋላውን ተመልከቱ። ከአበባው በስተጀርባ የላስቲክ ከረጢት፣ የልብስ ገመድ ወይም የሰው እግር ካለ ዓይን ወደዚያ ይሄዳል። ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን መሄድ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

አንድ ተክል፣ አምስት ፎቶ

አንድ ቆንጆ ፎቶ ለግድግዳ ይሆናል። ተክሉን ለማስመስከር ግን አምስት ያስፈልጋል፦ ሙሉው ተክል ከነቆመበት ቦታ፤ ቅጠሉ ከላይና ከታች፤ አበባው ከፊት ለፊት፤ አበባው ከጎንና ከኋላ፤ በመጨረሻም ፍሬው ወይም ዘሩ። የአበባውን ኋላ ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ዐዋቂዎች ግን አበባውን የሚደግፉትን ትንንሽ አረንጓዴ ቅጠሎች ለማየት ይፈልጉታል። ከአንዱ ፎቶ ላይ መጠኑ እንዲታወቅ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጉ።

ከዚያ በደብተር ላይ ጻፉ፦ የጋሞ ስሙን፣ የአማርኛ ስሙን፣ ቀበሌውን፣ ቀኑን። የካሜራዋ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቷም ከእኛ ሰዓት በስድስት ሰዓት የሚለይ መሆኑን አትርሱ። ደብተሩ ላይ በእኛ አቆጣጠር ጽፋችሁ የካሜራዋን የፎቶ ቁጥር አጠገቡ ብታስቀምጡ ከዓመት በኋላ ማንም አይደናገርም።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። አንዲት እናት የተክሉን ስም ብትነግራችሁ ስሙን ጻፉ። ለምን ዓይነት ሕመም፣ እንዴት እንደምታዘጋጀው ብትነግራችሁ ግን ያለ ፈቃዷ አትጻፉት፤ ለውጭ ሰውም አታሳዩት። ያ ዕውቀት የእሷና የአካባቢዋ ነው። በአገራችን የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ የማኅበረሰቡን ዕውቀት ለመጠቀም አስቀድሞ የማኅበረሰቡ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። ፎቶአችን የእናቶቻችንን ዕውቀት የሚያስከብር እንጂ በር ከፍቶ የሚያስወስድ መሆን የለበትም።

ከየት እንጀምር?

ከደጃችን። ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሴቻም ሲቀላም የምትኖሩ ሃለኮ በግቢያችሁ ወይም በጎረቤት ግቢ አለ። አበባው በቅርንጫፍ ጫፍ በዘለላ የሚወጣ ስለሆነ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ፈልጉ እንጂ መሰላል ላይ ቆማችሁ አታንሡ።

በቆላው በኩል የምትኖሩ የጥጥ አበባን አንሡ። በዶርዜ እናቶቻችን ጥጥ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፤ በክሩ ስንቶቻችን አድገናል። አበባውን ግን ስንቶቻችን ቀርበን አይተነዋል? የተለመደው የጥጥ አበባ በመጀመሪያው ቀን ነጣ ያለ ቢጫ ሆኖ ይፈካል፤ በማግሥቱ ወደ ሮዝ ይለወጣል። ያንኑ አበባ በሁለት ቀን ሁለት ጊዜ አንሥታችሁ ጎን ለጎን ብታስቀምጡት ለነጠላና ለጋቢ ሻጭ ከዚህ የተሻለ የማስታወቂያ ሥዕል አላውቅም።

ቡና ያላችሁ ዝናብ እንደ ጣለ በተጠንቀቅ ቁሙ። የቡና አበባ በአንድ ላይ ፈክቶ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ይጠወልጋል፤ የዛሬውን ለሳምንት የሚያቆይላችሁ የለም።

የጨንቻ እህቶቻችን የአፕል አበባ አላቸው። እንቡጡ ሮዝ ሆኖ ሲፈካ የሚነጣ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ፎቶ ማግኘት ይቻላል። ከጨንቻ ብርድ ወደ አርባ ምንጭ ሙቀት ስትወርዱ ግን ካሜራዋን ወዲያው ከቦርሳ አታውጧት። የቀዘቀዘ ሌንስ ሞቃት አየር ሲነካው እንደ ድስት ክዳን ጤዛ ያወጣል። ቦርሳው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ትቆይ። ሌንሱን በደረቅ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ እንጂ በቀሚስ ጫፍ አትጥረጉት።

እንሰት ያላችሁም አስቡበት። እንሰት በሕይወቱ አንድ ጊዜ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሊያብብ ሲል ስለምንፍቀው ሲያብብ የሚታየው ጥቂቱ ነው። ያበበ እንሰት በግቢዋ ያላት እህት ለማኅበሩ ትንገረን።

ዮ ማስቃላ የሚባልበት ወራት ሲደርስ ደግሞ አደይ አበባ አለ። በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ ካርዶች ላይ አደይ አበባ ተብለው የሚወጡ ሌሎች ቢጫ አበቦችን እናያለን። እውነተኛውን በቅርብ ብታነሡት አንድ አበባ የሚመስለው ብዙ እንደሆነ ታያላችሁ፤ መካከሉ ላይ ያሉት ጥቃቅኖች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበቦች ናቸው፤ ዙሪያውን የከበቡት ቢጫዎቹም እንዲሁ። ልጆቻችሁን ጠርታችሁ አሳዩአቸው።

ጥንቃቄም አለ። አስተናግር መርዘኛ ነው፤ ከነካችሁት እጃችሁን ታጠቡ። የቁልቋል ወተት ዓይን ይጎዳል፤ ፊታችሁን አስጠግታችሁ ግንዱን አትስበሩ። ንብ ካለች ንቧ ትቅደም። በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ፣ አርባዎቹ ምንጮች ያሉበትን ደን ጨምሮ፣ የፓርኩን ሠራተኞች ሳታስፈቅዱ አትግቡ፤ አበባም አትቅጠፉ። በደጋው ባሉት የተከበሩ ደኖች የአገር ሽማግሌዎችን ፈቃድ ጠይቁ። በአባያና በጫሞ ዳርቻ ደግሞ ተንበርክኮ ካሜራ ላይ አፍጥጦ መቆየት አይቻልም፤ ከውኃው ውስጥ የሚያፈጥጥ ሌላ አለና።

ማሳሰቢያና ሐሳብ

ለደጋፊዎቻችን አንድ ቃል አለኝ። ለሁለቱ ካሜራዎች እናመሰግናለን። ሌላ የተሻለ ካሜራ ግዙልን አልልም፤ ያሉን ይበቁናል። የሚያስፈልገን ፎቶዎቹ የሚቀመጡበት ሁለተኛ ቦታ ነው፤ አንድ ሚሞሪ ካርድ ቢበላሽ የዓመት ሥራ እንዳይጠፋ። ሁለተኛው የአንድ ቀን የዕፅዋት ባለሙያ ጊዜ ነው፤ ስም ያልሰጠናቸውን ተክሎች አይቶ ትክክለኛ ስማቸውን እንዲነግረን።

ለእናንተ ለእህቶቼ የማቀርበው ሐሳብ ደግሞ ይህ ነው። የማሸጊያው መለያ እንደገና ሊታተም ነው። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ቡድን ካሜራዋን በየተራ ለአንድ ሳምንት ይውሰድ፤ የሃለኮን አምስት ፎቶዎች ያንሣ፤ በደብተር ይመዝግብ። ከሁሉም የተሻለውን በአንድ ላይ ተሰብስበን በድምፅ እንምረጥ። መለያው ላይም ከፎቶው ሥር «ሃለኮ፣ ሺፈራው፣ ሞሪንጋ ስቴኖፔታላ» ተብሎ ሦስቱም ስም ይጻፍ። ያነሣችው እህት ስም ደግሞ፣ ከፈቀደች፣ በዚህ መጽሔታችን ላይ ይውጣ።

ያን ጊዜ «የምትሸጡት የትኛውን ነው?» ለሚለን ገዢ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገንም። ማሸጊያውን ዘርግተን «ይኸው፣ ከግቢያችን ያነሣነው ነው» እንላለን።

የካሜራ ተራ መመዝገቢያው ደብተር ከጸሐፊዋ ዘንድ አለ። ሻይ እየጠጣን ስማችሁን አስመዝግቡ።